ቲሸርቱን ተቀብለናል፤ ሥራውስ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ከሽሮ ሜዳ አራት ኪሎ የምሠራ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ተራ ስጠብቅ ነው። ደብዳቤዬ ከረዘመባችሁ ሰልፉ ረዝሞበት ነው በሉልኝ።

የምጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሜና በእሱና በመሰሎቹ ስም ሜዳ ላይ ስለሚደረጉ ዝግጅቶች ነው። ወንድሜ ዳውን ሲንድሮም አለበት። ዕድሜው ሃያዎቹን እያገባደደ ነው። በሰፈራችን የማያውቀው የለም። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ሳልጠይቀው ጋዜጣ ላይ ማውጣት ደስ አይለኝም። ብጠይቀው ደግሞ ፎቶዬም አብሮ ካልወጣ ይለኛል።

እንደሚታወቀው የእኛ ቤተሰቦች በዓመት ውስጥ የሚጠሩባቸው ቀኖች አሉ። መጋቢት 12 የዓለም የዳውን ሲንድሮም ቀን ነው። በፈረንጆቹ ሦስተኛ ወር በ21ኛው ቀን የሆነው በምክንያት ነው። ክሮሞዞም የሚባለው በሰውነታችን ውስጥ የዘር ባሕርይ የሚሸከመው ነገር ነው፤ 21ኛው ክሮሞዞም በሌላው ሰው ላይ ሁለት ሲሆን በእነሱ ላይ ሦስት ነው። ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ደረጃ ይከበራል። መጋቢት 24 የኦቲዝም ቀን ይመጣል። ኅዳር 24 የአካል ጉዳተኞች ቀን ነው። እንግዲህ መጋቢት ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለቴ እንጠራለን፤ ከዚያ እስከ ኅዳር በራችንን የሚያንኳኳ የለም። በዳውን ሲንድሮም ቀን ሰዉ ግራና ቀኙ የማይመሳሰል ካልሲ ያደርጋል፤ ክሮሞዞም ሲታይ ካልሲ ይመስላል ተብሎ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «ታዲያ የእኛ ቤት ዓመቱን ሙሉ ሲያከብር ነው የኖረው» አለች።

ባለፈው የተጠራነው ከሰፈራችን ብዙ በማይርቅ ሜዳ ላይ ነበር። አዘጋጆቹን አልጠራም። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ለፍተዋልም። ጥሪው ለሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፤ እኛ ቀድመን ደረስን። የክብር እንግዳው የመጡት አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ልጆቹ ቲሸርት ለብሰው ከፊት ወንበር ላይ ተደርድረው ቆዩ። ቲሸርቱ ሁሉም አንድ ልክ ነው፤ ለትንንሾቹ ቀሚስ ሆኗል፣ ለወንድሜ እምብርቱ ላይ ቀርቷል። ድንኳኑ ለእንግዶች ነበር፣ ልጆቹ ፀሐይ ላይ። ለካሜራው ብርሃን ያስፈልጋል ተባለ።

ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦዎች ግራና ቀኝ ተገትረዋል። ልክ ሙዚቃው ሲለቀቅ አንድ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ መጮህ ጀመረ። እናቱ ብድግ አድርጋ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችው። ስለ አካታችነት የተደረገውን ንግግር በሙሉ የሰማችው ከአጥሩ ጥግ ሆና ነው።

ንግግሩ አለቀ፤ ኬክ ተቆረሰ፤ ፎቶ ተነሣን። እንግዶቹ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ዋናው በዓል የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አንድ ኳስ መጣ። ድንኳን ሊያፈርሱ የመጡት ጎረምሶች ከልጆቹ ጋር ተደባልቀው መጫወት ጀመሩ። ጎሉ በሁለት ድንጋይ ተሠራ፣ እናቶችም ነጠላቸውን አጣፍተው መሳቅ ጀመሩ። ያኔ ካሜራው የለም።

ወንድሜ ግን ወደ ኳሱ ዞር ብሎም አላየ። ሰዎቹ ወንበር መሰብሰብ ሲጀምሩ ተነሥቶ ሄደ። አራት አራት ወንበር እየደራረበ አይሱዙው ላይ መጫን ጀመረ። ከአስተባባሪዎቹ አንዷ ሮጣ መጥታ ከእጁ ላይ ተቀበለችውና «አንተ ተቀመጥ የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ ያንተ ቀን ነው» አለችው። ወንድሜ እንደዚያ ሲናደድ አይቼው አላውቅም። ቲሸርቱን እዚያው አውልቆ ሰጣት።

ንዴቱ የሚገባው እድራችንን የሚያውቅ ሰው ነው። እኛ ሰፈር ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚተክሉ ሌሎች ናቸው። ወንበርና አግዳሚ ከእድሩ ዕቃ ቤት አውጥቶ የሚደረድረው፣ ሲያልቅም የሚመልሰው ግን ወንድሜ ነው። ሲመልስ ይቆጣጠራል። ከሃያ በላይ መቁጠር ስለሚያስቸግረው አሥር አሥሩን እየደራረበ ረድፍ ይሠራና የዕቃ ኃላፊውን ይጠራል። አንዱ ረድፍ አጥሮ ከታየው፣ ወንበሩ ያለበት ቤት ድረስ ሄዶ ይዞት ይመጣል። እጅ ማስታጠብም የእሱ ነው። ይህን ማንም «አካታችነት» ብሎት አያውቅም። አጨብጭቦለት የሚያውቅም የለም። ሲያጠፋ የእድሩ ዳኛ ይቆጡታል፤ ሲደክመው ንፍሮ ዘግነው ይሰጡታል፤ ሲታመምና ሲቀር «የት ሄደ?» ተብሎ ይጠየቃል።

እኔ የምጠይቀው ይኼንኑ ነው። በስማቸው በሚደረገው በዓል ላይ ሥራ ይኑራቸው።

የተሳሳተ ነገር እንዳላስተላልፍ፣ እነዚህ ዝግጅቶች ይቅሩ የምል ሰው አይደለሁም። እናቴ ወንድሜን በወለደችበት ጊዜ ሽሮ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ልጅ ይዞ መውጣት ራሱ ወሬ ነበር። እርግማን ነው የሚል ነበር። ጸበል እንጂ ትምህርት ቤት የሚል አልነበረም። እናቴ እንጦጦ ስትወጣና ስትወርድ ነው የከረመችው። ዛሬም ቢሆን ልጅ ቆልፎ እንጀራ ፍለጋ የሚሄድ ወላጅ አለ። ጭካኔ አይምሰላችሁ፤ የሚጠብቅለት ሰው ስለሌለው ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ስላለበት ልጃቸው በአደባባይ ሲናገሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ስንቱ ቤት መስኮቱን እንደከፈተ እኛ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያርፉ እናቴ አንድም ቀን አግኝታቸው ሳታውቅ አልቅሳላቸዋለች። የቀድሞው አፈ ጉባኤ አቶ አባዱላ ገመዳም ዳውን ሲንድሮም ባለባት ልጃቸው ስም ዲቦራ ፋውንዴሽንን አቋቁመው በይፋ ስለ ጉዳዩ ሲናገሩ ብዙ አባቶች ደፍረዋል። አባቶች የምለው ሆን ብዬ ነው። እናቶችማ ድሮም ደፋር ነበሩ።

ሌላም አለ። ሜዳ ላይ ስንሰበሰብ ለእናቶቹ ትልቁ ጥቅም መድረኩ ላይ የሚባለው አይደለም፤ ከኋላ ወንበር ላይ የሚወራው ነው። የትኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል አለው፣ የትኛዋ መምህርት ትዕግሥት አላት፣ የልብ ምርመራ የት ይሻላል፣ ልጄ አሥራ ስምንት ሲሞላው ምን ላድርገው፣ እኔ ስሞትስ? ይቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ እናቴ እኔ ፊት ጠይቃ አታውቅም። ባለፈው ግን ለማታውቃት ሴት ስትጠይቅ ሰማኋት። ሴትየዋ መልስ አልነበራትም፤ ስልክ ተለዋወጡ። እስከ ዛሬ ይደዋወላሉ። ለዚህ ለዚህ ሞንታርቦም ኬክም አያስፈልግም ነበር፤ ጥላና ውሃ ብቻ ይበቃ ነበር።

ተራ ስጠብቅ ስልኬ ላይ ጎርጎር ሳደርግ ያነበብኩት አንድ ታሪክ አለ። ዛሬ ስፔሻል ኦሊምፒክስ የሚባለው ነገር የጀመረው በሰው ግቢ ውስጥ ነው። ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር የፕሬዚዳንት ኬኔዲ እኅት ናት። ሌላዋ እኅታቸው ሮዝሜሪ የአእምሮ እድገት ውስንነት ነበረባት። ዩኒስ እ.ኤ.አ. በ1962 ክረምት፣ ዛሬ ብዙ የአገራችን ሰው በሚኖርበት ሜሪላንድ፣ በራሷ ቤት ግቢ ልጆቹን ሰብስባ ማጫወት ጀመረች። ከሰፈሩ ወጣቶችን ጠርታ ከልጆቹ ጋር አጣመረቻቸው። መዋኘት፣ ኳስ፣ ፈረስ ነበር። ቺካጎ ከተማ፣ ሶልጀር ፊልድ በሚባል ስታዲየም ውስጥ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ተወዳዳሪዎች የተሰለፉት ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1968 ነው። እኛ ግን ከስታዲየሙ ጀምረን ግቢውን የዘለልነው ይመስለኛል።

እዚያው ላይ ያነበብኩት ሌላ ነገር፣ በእነሱ ውድድር የተቀላቀለ ቡድን የሚባል አለ። አምስት ሰው በሚሰለፍበት ቅርጫት ኳስ ሦስቱ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው፣ ሁለቱ የሌለባቸው ይሆናሉ። ያለ ልዩነት አንድ ማሊያ ነው። ይህ ለእኛ ሰፈር ምን ይከብዳል? ከመቀሌም ከጅማም የመጣ ጎረምሳ ሽሮ ሜዳ ላይ በአንድ ቀን ቡድን ይሠራል። ጨዋታውም የግድ ኳስ መሆን የለበትም። ገመድ ጉተታ አለ። ሰኞ ማክሰኞ አለ። ፈረንጆቹ ቦቼ የሚሉት፣ ትልቁን ኳስ አንከባሎ ወደ ትንሿ ማስጠጋት፣ ከብይ ብዙ አይርቅም፤ ሩጫ ለሚያደክመው ሰው ደግሞ በጣም ይመቻል። ይህን የምለው ወንድሜ ቶሎ ስለሚደክመው ነው። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ብዙዎቹ ከልብ ሕመም ጋር ይወለዳሉ፤ ጡንቻቸውም ልል ነው። አንዳንዶቹ የአንገታቸው መገጣጠሚያ ስለሚላላ፣ ሐኪም ሳያያቸው መገለባበጥና በጭንቅላት መቆም የመሳሰለውን ባያደርጉ ይሻላል። ባለፈው ዝግጅት ላይ አንድ ወጣት «ጂምናስቲክ እናሳያችሁ» ብሎ ልጆቹን ሲያገለባብጥ ነበር። ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ገብታ ነው ያየሁት።

አሁን ወደ ራሴ ጥቅም ልምጣ። በኅዳር 2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ እሑድ ጠዋት መንገድ ለመኪና ሲዘጋ፣ እኛ ሹፌሮች ደስ ብሎን ነበር ብል እዋሻለሁ። የጠዋት ገበያ ነው የሚቀርብን። ማስ ስፖርት ሲሆንም ያው ነው። ግን መንገድ በተዘጋበት እሑድ ወንድሜን ይዤ ወጣሁ። ሥራ ከሌለኝ ምን አደርጋለሁ? ኤሮቢክሱ ፊት ሄዶ ቆመ። ከሁሉም ሰው አንድ እንቅስቃሴ ይዘገያል፤ አሰልጣኙ እጅ ሲያወርድ እሱ ያነሣል። ከዚያ ልጆች ብስክሌት የሚነዱበት ቦታ ሄደ። ትንንሾቹ እየተጋፉ ነው። አንድ ጊዜ አያቸውና እጁን ዘርግቶ አሰለፋቸው። «ተራ! ተራ!» ይላል። የተማረው ከእኔው ሰልፍ ነው፤ እሑድ እሑድ ከእኔ ጋር ጋቢና እየተቀመጠ «አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ» ሲል ነው የሚውለው። ብሩን በቀለም ለይቶ ያውቃል። በ2013 መስከረም ኖቱ ሲቀየር እንደገና ተምሮታል፤ ከአንዳንድ ተሳፋሪም ቀድሞ። ብስክሌቱን የሚያከራየው ልጅ ገርሞት ፊሽካውን ሰጠው። ወንድሜ ፊሽካ ሲነፋ ትንንሾቹ ይሄዳሉ፣ ሲነፋ ይመለሳሉ። አንድም ሰው «ያንተ ቀን ነው» አላለውም። ምሳ ሰዓት ደርሶ ቤት እንሂድ ስለው እምቢ አለኝ።

መንገዱ አንዴ ተዘግቷል። ፖሊሱም አምቡላንሱም አለ። ስለዚህ በእንዲህ ያለ እሑድ ከመንገዱ ጥግ ለእነዚህ ልጆችና ለሰፈሩ ልጆች አንድ ቦታ መስጠት ምንም አያስወጣም። ለእኛ ሰፈር ጃንሜዳም ቅርብ ነው። ጥምቀትን የሚያስተናግድ ሜዳ ሃምሳ ልጅ አይከብደውም። ድንኳንና ወንበር እድሮች አሏቸው። እኛ እድር ዕቃ ቤት ውስጥ ያለው ድንኳን ለቅሶ ከሌለ አቧራ እየጠጣ ነው የሚከርመው። ለደስታም ይዘርጋ ብዬ የእድሩን ዳኛ ጠይቄያቸዋለሁ። «ዕቃው በማን ኃላፊነት ይወጣል?» አሉኝ። በወንድሜ አልኳቸው። ሳቁና «እንግዲያው አይጠፋም» አሉ።

አዘጋጆችን የምለምናቸው ነገሮች አሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል ካላችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሩ። ለሌላው ሰው ማርፈድ መሰልቸት ነው፤ ለእነዚህ ልጆች ግን ቀኑን ሙሉ ያበላሻል። ወንድሜ ሰዓቱን ከሌሊት ጀምሮ ነው የሚጠይቀኝ። ሞንታርቦ ካመጣችሁ ድምፁን ቀንሱት፤ ከእሱ ራቅ ያለ ጸጥ ያለ ጥላ አዘጋጁ፤ ልጁ የተረበሸባት እናት አጥር ጥግ አትቁም። መጸዳጃ ቤት የሌለበት ሜዳ አትምረጡ። ይህን ማንም አያስበውም፤ ግን ብዙ እናቶች የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። የሃያ ዓመት ወንድ ልጅ ይዛ ቁጥቋጦ ፍለጋ የምትሄድ እናት ምን ይሰማታል? ፎቶ ስታነሡ ጠይቁ። ልጁንም ጠይቁ፣ እናቱን ብቻ አይደለም። ባለፈው አንዱ ወጣት የወንድሜን ፊት በቅርብ ቀርጾ አሳዛኝ ሙዚቃ አስገብቶበት ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ወንድሜ ያን ቀን ሲስቅ ነው የዋለው! ማልቀሻ ሙዚቃው ለማን ነው?

ውሃ የሚያድል፣ ወንበር የሚደረድር፣ ፊሽካ የሚነፋ፣ ውጤት የሚጽፍ፣ እንግዳ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ፣ ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ የሚያዞር ያስፈልጋል አይደል? ለዚህ ቲሸርት የለበሱ በጎ ፈቃደኞች ከሩቅ ታመጣላችሁ። እነዚህ ልጆች እዚያው ቁጭ ብለዋል። ሁሉም አይችሉም። አንዳንዱ ከእናቱ እቅፍ አይወጣም፤ አንዳንዱ አይናገርም፤ እሱም መምጣት ብቻውን ይበቃዋል። የሚችለውን ግን ከእጁ ላይ አትቀሙት።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። አንቀጽ 30 ላይ በባህል፣ በመዝናኛና በስፖርት ከሌላው እኩል መሳተፍ መብት ነው ይላል። መሳተፍ ነው የሚለው። ይህን ያነበበልኝ ሁልጊዜ ጋቢና የሚቀመጥ የሕግ ተማሪ ደንበኛዬ ነው፤ ሂሳብም አልተቀበልኩትም።

ሂሳብ ካነሣሁ፣ የእኛን የሹፌሮችን ነገርም ልናገር። ቤተሰቦች የማይመጡበት ሌላው ምክንያት እኛ ነን። ልጁ ከተረበሸ ተሳፋሪ ያጉረመርማል፤ ረዳቱ «ይሄ ችግር ያመጣል» ብሎ በሩን ይዘጋል። ስንቴ አይቻለሁ። ኮንትራት ያዙ እንዳይባሉ ደግሞ ገንዘቡ የለም። ስለዚህ ከእኛ መስመር ሹፌሮች ጋር ተነጋግረናል። ጃንሜዳ ላይ እንዲህ ያለ እሑድ ከተዘጋጀ ከሽሮ ሜዳና ከአካባቢው ቤተሰቦችን በነጻ እናመላልሳለን። ተራ አስከባሪያችንም ተስማምቷል፤ እሱ እንኳ ከተስማማ ሌላው ቀላል ነው።

ከእናንተ ከጋዜጠኞች የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። በየዓመቱ መጋቢት ላይ የክብር እንግዳው ኬክ ሲቆርሱ የሚያሳይ ፎቶ ታወጣላችሁ። በሚቀጥለው ዘጋቢያችሁ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ይምጣ፤ ኳሱ ያኔ ነው የሚወጣው። ይህን አንብቦ እሑዱን ላዘጋጅ የሚል ወረዳ፣ ትምህርት ቤት፣ ማኅበር ወይም እድር ካለ ደግሞ ሽሮ ሜዳ የአራት ኪሎ ታክሲ ተራ ላይ መጥቶ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ ወንድም የትኛው ነው ይበል፣ ያሳዩታል። ቀኑን ግን ቢያንስ ከሳምንት በፊት ንገሩን፤ ነዳጅ መሰለፍ አለብን።

ከአክብሮት ጋር፣
የታክሲ ሹፌር፣ ከሽሮ ሜዳ